በቴሌግራም «የኢንቪዲያ አክሲዮን» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ቆዩ

ሰሞኑን ሦስት ሰው «ኢንቪዲያ ያዋጣል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኢንቪዲያ የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። አንዷ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ሥራ ከያዘች ገና ስድስት ወር አልሞላትም። ሦስቱም የያዙት አንድ ዓይነት ሊንክ ነው። በዚያው ሊንክ 48,000 ብር ልኬ፣ ከ600 ብር በቀር ሁሉንም የተበላሁት እኔ ነኝ። ለየብቻ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። አብሮኝ የሚሠራ፣ ቁም ነገረኛ የምለው ልጅ ስልኩን አሳየኝ። አፑ አረንጓዴ ነው፤ የኢንቪዲያን የዓይን ምልክት ለጥፈውበታል። ከሥሩ «የዛሬ ትርፍ» የሚል ቁጥር አለ። በቀን 3 በመቶ። 3,000 ብር ላስገባ ሰው 90 ብር ማለት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ጠብ ትላለች።

3,000 ብር ሞከርኩ። ሳምንት ጠብቄ 600 ብር ላውጣ አልኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሂሳቤ ውስጥ ገባ። እኔ የተሸነፍኩት እዚህ ጋ ነው። ያቺ 600 ብር የገዛ ብሬ እንደነበረች አሁን ሲገባኝ ያቃጥለኛል። ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ቢሮ ላሉት ሁሉ ማኪያቶ ጋበዝኩባት።

ከዚያ ዕቁብ ደረሰኝ፤ 45,000 ብር። ጥር 1 ቀን ሙሉውን አስገባሁት። የቴሌግራም ግሩፑ አድሚን «ቪአይፒ 2 ሆነዋል፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ። ብሩን የላክሁት በድርጅት ስም ወደተከፈተ ሂሳብ አልነበረም። ወደ አንድ ግለሰብ ሂሳብ ነው፤ ያውም መጀመሪያ ከላክሁበት ስም የተለየ። ስጠይቅ «ኤጀንታችን ነው» ተባልኩ። እሺ አልኩ። ለ20 ብር ቲማቲም ከባለ ጉልቱ ጋር ስከራከር የምውል ሴት ነኝ እኮ።

ጥር 19 ቀን፣ ማታ 4 ሰዓት ገደማ፣ ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ ደወለ። እሱ እውነተኛው ኢንቪዲያ አለው። 12 አክሲዮን፣ እዚያው ፈቃድ ባለው ብሮከር (አክሲዮን አገበያይ) በኩል በስሙ የገዛው። ድምፁ የለቅሶ ቤት ነው።

«አንቺ፣ ዛሬ ጉድ ሆነናል። ኢንቪዲያ ተፈጠፈጠ። ያንቺስ?»

አፑን ከፈትኩ። አረንጓዴ። ሲደመር 3 በመቶ።

«የኔማ ጨምሯል» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የገዛሽው?»

ያን ቀን ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ኩባንያ በርካሽ ሠራሁት ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ገበያውን አስደንግጦት ነበር፤ «ታዲያ የኢንቪዲያ ውድ ቺፕ ለምን ያስፈልጋል?» ተብሎ። የኢንቪዲያ አክሲዮን ከ142 ዶላር ገደማ ወደ 118 ወርዶ ዋለ። 17 በመቶ በአንድ ቀን! ከኩባንያው የገበያ ዋጋ ወደ 590 ቢሊዮን ዶላር ተነነ። ዓለም ሁሉ ያየውን ውድቀት የኔ አፕ አላየውም።

ሌሊቱን ሙሉ ከአጎቴ ልጅ ጋር ቁጥር ስንደምር አደርን። መጀመሪያ ያሳየኝ የራሱን ዲቪደንድ ነው፤ ኩባንያው ለባለ አክሲዮኖች የሚያካፍለውን ትርፍ ማለት ነው። ኢንቪዲያ በ2024 አንዱን አክሲዮን ለ10 ከከፋፈለ በኋላ በየሦስት ወሩ ለአንድ አክሲዮን የሚከፍለው 1 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። የሱ 12 አክሲዮን በሩብ ዓመት 12 ሳንቲም አመጣለት። «ማስቲካ አይገዛም» ብሎ ሳቀ። በኢንቪዲያ የከበሩ ሰዎች የከበሩት ዋጋው ሲያድግ ነው፤ ዋጋ ደግሞ ይወርዳል። በየጠዋቱ 90 ብር የሚከፍል ኢንቪዲያ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ይባል የለ? የኔዋ ላም እንኳን እውነት ናት፣ የኢንቪዲያ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ አለች። የምትታለበው ግን ለኔ አልነበረም።

ሰዓቱስ? የኒውዮርክ ገበያ ያኔ በእኛ አቆጣጠር የሚከፈተው ከቀኑ 11፡30 ነው። ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው። የኔ «ትርፍ» ግን እሁድ ጠዋት 3 ሰዓትም ይገባ ነበር። ኒውዮርክ ያኔ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ማን ተነሥቶ ነግዶልኝ ነው?

ደግሞ በቀን 3 በመቶ ምን እንደሆነ በካልኩሌተር ሞክሩት። 10,000 ብር አስገብታችሁ ትርፉን ሳትነኩ ብትተዉት በዓመቱ ከ480 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ይህን የሚችል ሰው የኔን የዕቁብ ብር ምን ያደርግለታል?

ከሁሉ ያሳፈረኝ ጥያቄ ግን የመጨረሻው ነው። «ብርሽን ማን ወደ ዶላር ቀየረልሽ?» አለኝ። ኢንቪዲያ የሚሸጠው በዶላር ነው። እዚህ አገር የሚኖር ሰው ደግሞ ብሩን በዶላር መንዝሮ ውጭ አገር አክሲዮን ልግዛ ቢል እንደልቡ አይችልም፤ የብሔራዊ ባንክ ደንብ አለ። እኔ ለአንድ ግለሰብ ብር ልኬ፣ በማግስቱ «0.4 አክሲዮን ገዝተዋል» የሚል ጽሑፍ አየሁ። በየት በኩል እንደተሻገረ አልጠየቅሁም።

የሚያስቀው፣ በዚያው ሰሞን ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ እየሸጠ ነበር። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። በቴሌብር ነበር የሚገዛው። የኩባንያውን ሀብት፣ ዕዳና ስጋት የሚዘረዝር ሰነድ ወጥቶለታል። በየቀኑ ይህን ያህል እከፍላለሁ የሚል ቃል የለበትም። እኔ እሱን «አሰልቺ ነው» ብዬ ተውኩት። 9,900 ብር ለኢትዮ ቴሌኮም አልሰጥም ብዬ 45,000 ለማላውቀው ሰው ሰጠሁ። ያ አክሲዮን ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ቢያንስ ግን ሰነዱን ይዞ መከራከር ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ሰነዱን በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብ አለበት። የሚያገበያየውም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሊንክ ለላከላችሁ ሰው «ፈቃዳችሁን አሳየኝ» በሉት። እኔ በኋላ ስጠይቅ የላኩልኝ ባለ ማኅተም የእንግሊዝኛ ወረቀት ነው፤ «ሰርተፊኬት» የሚለው ቃል ራሱ ፊደሉ ተሳስቷል።

በማግስቱ ላውጣ አልኩ። አፑ 82,000 ብር አለሽ ይላል። አድሚኑ «ቅድሚያ 15 በመቶ ግብር ይክፈሉ» አለ፤ 12,300 ብር። ከዚያው ከብሬ ቁረጡት ብል «ሲስተሙ አይፈቅድም»። ባልደረባዬ የሱን ከፈለ። ከከፈለ በኋላ ደግሞ «የማረጋገጫ» የሚል ሌላ ክፍያ መጣ። እኔ አልከፍልም ስል ከግሩፑ አስወጡኝ፤ የጻፍነው ሁሉ ከስልኬ ላይ ጠፋ።

ስለዚህ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ሁሉንም ስክሪንሾት አንሱ። የላካችሁበትን የሂሳብ ቁጥርና ስም፣ የዝውውሩን ቁጥር ያዙ። በዚያው ቀን ወደ ባንካችሁ ሂዱ፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ። እኔ አፍሬ አራት ቀን ቆየሁ፤ ስደርስ ሂሳቡ ባዶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «የተበላ ብር እናስመልሳለን፣ 5,000 ብር ብቻ» የሚል «ጠበቃ» በቴሌግራም ይመጣባችኋል። ስልካችሁን ማን እንደሰጠው መገመት አያቅትም።

ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶች፣ ግሩፑ ውስጥ ከዱባይና ከቤሩት የምትጽፉ ብዙ ነበራችሁ። ቤተሰብ «አክሲዮን ልንገዛልሽ ነው» ካለ፣ በማን ስም እንደሚመዘገብ ሳታውቁ አትላኩ። ባልደረባዬም እኔን ሲያስገባ ሊሸውደኝ አልነበረም፤ ሰው ሲያስገባ 8 በመቶ ኮሚሽን ይሰጡት ነበር፣ እሱም አምኖ ነው። አሁን ሰላምታችን ቀዝቅዟል።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የጎረቤቴ ልጅ አዲስ ሊንክ አስተላለፈችልኝ። አድሚኑ ያው ነው፣ ፎቶውን እንኳን አልቀየረም። አሁን የሚሸጠው አፕል ነው፤ በቀን 4 በመቶ።