ኢቲሞንላይን ለምን ይበቃል፣ ለምን አይበቃም

የእንግሊዝኛን ቃል ዘር ለመቁጠር የተነሳ ሰው ጉግል ላይ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያገኘው ኢቲሞንላይን የተባለውን ድረ ገጽ ነው። ነፃ ነው፤ የስልክ መተግበሪያም አለው። ዳግላስ ሃርፐር የተባለ አሜሪካዊ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአብዛኛው ብቻውን ያሰናዳው ሥራ ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚህ ይመነጫል። አንድ እጅ ስለጻፈው አነጋገሩ ከገጽ ገጽ አይዘባረቅም፣ ለዛም አለው። ግን አዲስ ጥናት አይደለም፤ የታተሙ መዝገበ ቃላትን፣ ከእነሱም መካከል ትልቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት፣ ጨምቆ ነው የሚያቀርበው። ፍርዱ ይገኛል፣ ማስረጃው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ተጠቃሚው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ማብራሪያውን በሚረዳበት መንገድ ነው። በማብራሪያው መጀመሪያ ላይ ያለው ቀን ቃሉ የተወለደበት ሳይሆን እስካሁን ከተረፉት ጽሑፎች ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ነው። በአፍ ሲነገር የኖረው ዘመን ከዚያ ይቀድማል። «14ሲ» ሲል ደግሞ 14ኛው ክፍለ ዘመን ማለቱ ነው፣ 1300ዎቹ። 1400ዎቹ አድርጎ የሚወስደው ሰው መቶ ዓመት ስቷል። ቀን የሌለውና «ጥንታዊ እንግሊዝኛ» ብሎ የሚጀምር ገጽ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመውረራቸው በፊት የነበረ ቃል ያመለክታል። በቃሉ ፊት ኮከብ ምልክት ካለ፣ ያ ቅርጽ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ አልተገኘም፤ ሊቃውንት ዘመድ ቃላትን አነጻጽረው መልሰው የገነቡት ነው።

ከሁሉ የከፋው እናትና አክስትን ማምታታት ነው። «ከዚህ የመጣ» የሚለው ሐረግ ወላጁን ያሳያል፤ «ይህ ሥር እነዚህንም አስገኝቷል» የሚለው ግን የአክስት ልጆችን ይዘረዝራል። ለምሳሌ መሸከም የሚል ፍቺ ያለው «ቤር» ገጽ ላይ የጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ የሳንስክሪቱ ብሃራቲ፣ የግሪኩ ፌሬይን፣ የላቲኑ ፌሬ ይታያሉ። ይህን አይቶ «እንግሊዝኛው ከሳንስክሪት መጣ» የሚል ብዙ ነው። አራቱም የአንድ ቅድመ ኢንዶ-አውሮፓዊ (የአብዛኞቹ የአውሮፓና የሰሜን ሕንድ ቋንቋዎች የጋራ እናት ቋንቋ) ሥር ቅርንጫፎች ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደም። «ፌሬ»ን በውስጡ የያዘው «ትራንስፈር» (ማስተላለፍ) ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ራሱ በውሰት ከላቲን የገባ ነው።

እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚፈተነው በሚመሳሰሉ ባዕዳን ነው። «ሃቭ» እና የላቲኑ «ሃቤሬ» ሁለቱም መያዝን፣ ባለቤትነትን ይገልጻሉ፤ ድምፃቸውም ይቀራረባል። ኢቲሞንላይን ዝምድና የላቸውም ይላል፣ ትክክልም ነው። ምክንያቱ ግን ገጹ ላይ አይብራራም። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያኮብ ግሪም በ1822 ባስቀመጠው ሕግ መሠረት፣ ላቲን «ክ» ድምፅ ያለበት ቦታ ላይ እንግሊዝኛ የሚገኝበት የጀርመናዊው ቤተሰብ ቋንቋዎች «ህ» አላቸው፤ የላቲኑ «ኮር» በእንግሊዝኛ «ሃርት» ነው፣ ሁለቱም ልብ። በ«ፕ» ፋንታም «ፍ» ይመጣል፤ ፓቴር፣ ፋዘር፣ ሁለቱም አባት። ስለዚህ የ«ሃቭ» እውነተኛ ዘመድ መያዝ የሚለው የላቲኑ «ካፔሬ» ነው። በዚሁ ሕግ «ዴይ» እና የላቲኑ «ዲዬስ» ምንም እንኳ ሁለቱም ቀን ቢሆኑ አይዛመዱም፤ የላቲን «ድ» በእንግሊዝኛ «ት» መሆን ነበረበት፣ ሁለት የሚለው «ዱዎ» «ቱ» እንደሆነው። እንግዲህ በሩቅ ዘመዳሞች መካከል ከልክ ያለፈ መመሳሰል ራሱ ያጠራጥራል። ይህን ሕግ የማያውቅ አንባቢ የድረ ገጹን ፍርድ በእምነት ብቻ ይቀበላል።

የሰፈር ወሬን በማጥራት ግን ኢቲሞንላይን ጎበዝ ነው። «ፖሽ» (ቅንጡ) የሚለው ቃል ወደ ሕንድ በሚሄዱ መርከቦች ላይ ጥላ ካለበት ወገን ክፍል ከሚይዙ ሀብታሞች የመጣ ምህጻረ ቃል ነው የሚለውን ተረት ማስረጃ የለውም ብሎ ይዘጋል። «ኦኬ»ን ቦስተን ውስጥ በ1839 ከታተመ የጋዜጣ ቀልድ፣ «ሁሉ ትክክል» የሚለውን ሆን ብሎ አበላሽቶ ከመጻፍ፣ ጋር ያገናኘዋል። «አይላንድ» (ደሴት) በጽሑፍ ያለው የማይነበብ የኤስ ፊደል «አይል» ከሚለው፣ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ከመጣ የማይዛመደው ቃል የተቀዳ መሆኑንም ይነግራል። «ኒክኔም» (ቅጽል ስም) ቀድሞ «ኤክኔም» ነበረ፤ ከፊቱ የሚቆመው የ«አን» (አንድ) «ን» ተንሸራቶ ከቃሉ ጋር ተጣበቀ።

የፍቺን ለውጥም በደንብ ይከተላል። «ናይስ» ከላቲኑ «ኔስኪዩስ»፣ አላዋቂ ከሚለው ተነስቶ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጅል፣ ቀጥሎ ፈሪ፣ ቀጥሎ ነገረኛና መራጭ፣ ከዚያ ጥንቁቅ፣ በ1769 ደስ የሚል፣ በ1830 ደግ እስከሚል ድረስ እርከን በእርከን ተቀምጧል። ግን ለ1769ኙ ቀን የትኛው ጽሑፍ ላይ፣ በምን ዓረፍተ ነገር እንደተገኘ አይታይም።

ሌላው ጉድለት ድምፅ ነው። ድረ ገጹ የድሮውን የፊደል አጻጻፍ ይሰጣል፣ አነባበቡን አይሰጥም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ታሪክ ትልቁ ክስተት፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ የረጃጅም አናባቢዎች መንሸራተት፣ ጨርሶ አይታይም። ዛሬ «ታይም» የምንለው ያን ጊዜ «ቲም» ዓይነት፣ «ሃውስ» «ሁስ»፣ «ኔም» «ናም» ይባል ነበር። የእንግሊዝ የመጀመሪያው አታሚ ካክስተን በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ሲተክል አናባቢዎቹ ገና በጉዞ ላይ ነበሩ። ፊደሉ ደረቀ፣ ድምፁ ሄደ። የእኛ ፊደል ይህን በአንድ እይታ ያሳያል፤ በላቲን ፊደል ግን «ቲም»ም «ታይም»ም አጻጻፋቸው አንድ ነው።

የፈረንሳይኛውን ውሰት በሚመለከት ግን ትንሽ ጠጋ ብሎ ማየት ይክሳል። «የሰሜን ጥንታዊ ፈረንሳይኛ» የሚል መለያ ሲመጣ አይለፉት። «ካች» (መያዝ) እና «ቼዝ» (ማሳደድ) ከአንድ የላቲን ግስ የወጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው በኖርማኖች አፍ «ክ»ን ይዞ፣ ሁለተኛው በፓሪስ ዙሪያ ባለው ፈረንሳይኛ «ክ»ን ለውጦ ገቡ። ሁለቱም ጠባቂ የሚሉት «ዋርደን» እና «ጋርዲያን»ም እንዲሁ ሁለቴ የገቡ ወንድማማቾች ናቸው።

ከኢንዶ-አውሮፓዊው ቤተሰብ ውጭ ሲወጣ ማብራሪያው ያጥራል። «ካሜል»ን በላቲንና በግሪክ በኩል እስከ ዕብራይስጥ ወይም ፊንቄኛ ያደርሳል። ግመል የሚል አንባቢ የቀረውን መንገድ ራሱ ይጨርሰዋል።

ማስረጃ ሲያስፈልግ መሄጃው የኦክስፎርዱ ነው። ሥራው እንዴት እንደሚፈጅ ለመገመት፦ የኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት በ1879 ሲዋዋል በአሥር ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ሲወጣ የደረሰው ጉንዳን የሚለው «አንት» ላይ ነበር። ሙሉው ያለቀው በ1928 ነው። ሁለተኛው እትም በ1989 በ20 ቅጽ ወጣ፤ ከ2000 ጀምሮ በኢንተርኔት ይገኛል። እያንዳንዱ ፍቺ ቀን ባላቸው ጥቅሶች ተደግፎ ከጥንት ወደ ዛሬ ተደርድሯል። ሙሉውን ለማየት ግን ክፍያ ይጠይቃል። በዩኒቨርሲቲ ወይም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አባልነት የሚገባ ሰው ግን ከኪሱ አያወጣም፤ ከመክፈል በፊት ይህን መጠየቅ ይሻላል።

የኢንተርኔት መዝገበ ቃላቱ ዊክሽነሪ እንደ ሦስተኛ አማራጭ የአንድን ሥር ልጆች በየቋንቋው ዘርዝሮ በማሳየት ጥሩ ነው፤ ማንም ሊያርመው ስለሚችል ምንጭ ያልተጠቀሰበትን መስመር አለመውሰድ ነው።

ኦክስፎርዱም ቢሆን ወጥመድ አለው። ለሦስተኛው እትም የሚደረገው እርማት የተጀመረው ከኤም ፊደል ስለሆነና ስላላለቀ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቃላት አንዱ በቅርብ የታደሰ፣ ሌላው ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በየቃሉ ገጽ የሚገኘውን የማብራሪያውን ታሪክ መጀመሪያ ይክፈቱ። ሙሉ በሙሉ አልታደሰም የሚል ከሆነ፣ የቀኑ ነገር ከኢቲሞንላይኑ ብዙም የተሻለ ላይሆን ይችላል።