ዘጠኝ ወር ከትራክተር ሎደሬ ጋር፦ ከፍ ያለ ቡም በዘይት አይታመንም

ከፊቱ ሎደር ያለው ትራክተር ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። ጥቅምት ላይ ነው ያስገባሁት። ባለ 75 የፈረስ ጉልበት ነው። የምሠራው ዘንዘልማ፣ ከባህር ዳር ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አሸዋ እጭናለሁ፣ ጠጠር እገፋለሁ፣ ፍግ ወደ ማሳ አወጣለሁ። አንድ ሰሞን ወደ ፎገራ ወርደን ከጣና የወጣ እምቦጭም አንስተናል። እምቦጭ ሲያዩት ቅጠል ነው፣ ሲያነሱት ግን ከባድ ነው፤ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ። ሞተሩ ጎበዝ ነው፣ ናፍጣ አያባክንም፣ ፍሬኑም ክላቹም እስካሁን አላስቸገሩኝም። ስለ እነሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ቡሙ ነው፤ አሸዋ የሚዛቅበትን ባኬት በዘይት ግፊት የሚያነሳው የሎደሩ ክንድ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ማታ ግቢው ጠበበንና ባኬቱን ወደ ላይ አንስተን፣ የእጅ ጋሪውን ከሥሩ አስገብተን ገባን። ያኔ ክፋቱ አልታየኝም። ጠዋት በሩን ስከፍት ባኬቱ ጋሪው ላይ ተቀምጧል። የጋሪው ሳህን እንደ ካርቶን ታጥፏል፣ እጀታው ተጣሟል፣ ጎማው ወደ ጎን ወጥቷል። መሬቱን አየሁ። አንዲት ጠብታ ዘይት የለም። ማንሻውን የነካው ሰው የለም፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው ያደረው።

ጋሪው ይተካል። ያንቀጠቀጠኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት፣ ባኬቱ እንዲሁ ከፍ ብሎ ሳለ፣ የእህቴ ልጅ እዚያው ቦታ ላይ ተንበርክኮ ፒኖቹን ግራሶ ሲሞላ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቷል። ጭንቅላቱ ከባኬቱ ሥር ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ እያወራሁት ነበር።

ስገዛ ሻጩን ጠይቄዋለሁ። «ሲነሳ በራሱ ይቆማል ወይ?» አልኩት። «ችግር የለም፣ ዘይቱ ይይዘዋል» አለኝ። አሁን ፊቴ ቢቆም የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ ዘይቱ አይይዘውም። ዘይቱ ያነሳዋል እንጂ አይይዘውም። በመመሪያው ላይ ባዶ ቡምና ባኬት ብቻ ከአራት ኩንታል በላይ ይመዝናል። ያን ሁሉ ክብደት ሰው ጭንቅላት ላይ አንጠልጥለህ «ችግር የለም» አይባልም።

ልለካው ብዬ በማግስቱ ባኬቱን አነሳሁና ሞተሩን አጠፋሁ። ማንም እንዳይጠጋ ልጆቹን ከግቢ አስወጣሁ። በባኬቱ ጠርዝ ትይዩ ግድግዳው ላይ በከሰል መስመር አሰመርኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ጠርዙ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ሙሉ ወርዷል። ሲወርድ ድምፅ የለውም፣ ዓይንም አያየውም። ቆመህ ብታፈጥበት የቆመ ነው የሚመስልህ።

መካኒካችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። መጥተው አዩትና ምንም አልተደነቁም። እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ ዘይቱን የሚያከፋፍለው ቫልቭ ውስጥ ጣት የሚያህል ለስላሳ ብረት አለ፤ ማንሻውን ስትነካ ቀዳዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ለመንሸራተት በብረቱና በቀዳዳው መካከል ክፍተት ያስፈልገዋል። ክፍተቱ ከፀጉር ይቀጥናል፣ ግን ክፍተት ነው። ከላይ ያለው ክብደት ዘይቱን ሲጫነው በዚያች ክፍተት እየሾለከ ወደ ታንኩ ይመለሳል። የሚሾልከው ከውስጥ ወደ ውስጥ ስለሆነ መሬት ላይ ምንም አይታይም። «ልጄ፣ አዲስ ሎደርም ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። ያንተ ግን በዝቷል» አሉኝ።

የበዛበትን ምክንያት ሲነግሩኝ ደግሞ ጥፋቱ የኔም ሆነ። ዘይት ሲጎድል ክዳን ከሌለው ጀሪካን ነበር የምሞላው፣ ያውም በዘንዘልማ አቧራ መሀል። አቧራው ከዘይቱ ጋር ገብቶ ብረቱን ጭሮታል። ፊልትሩ ሲወጣ ጭቃ መስሎ ነበር። ቫልቩ ተቀየረ፣ ዘይቱ ተቀየረ፣ ፊልትሩ ተቀየረ። አሁን በሰዓት የሚወርደው ከጣት ውፍረት አይበልጥም። ግን ዛሬም ይወርዳል፣ ነገም ይወርዳል።

ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ሞተሩ ጠፋ ማለት ቡሙ ተቆለፈ ማለት አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ አንድ ሕፃን ወንበሩ ላይ ወጥቶ ማንሻውን ወደ ፊት ቢገፋው ቡሙ በራሱ ክብደት ይወርዳል። የዘይቱ ቱቦ ቢፈነዳማ ማንሻም አያስፈልገውም። ያኔ በስንዝር አይደለም የሚወርደው፣ ባንዴ ነው።

ታዲያ በምን ይደገፍ? በየሠፈሩ የማየውን ልናገር። አንዱ ክሪክ ያስገባል። ክሪክ ለማንሳት ነው የተሠራው፤ ብዙው ክሪክ ራሱ በዘይት ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ ዘይትን በዘይት ማስያዝ ነው። ሌላው ብሎኬት ይደረድራል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፣ ብረት ሲያርፍበት ይፈረካከሳል፣ ሲፈረካከስም አያስጠነቅቅም። ሌላው የባህር ዛፍ ግንድ ያቆማል። ክብ ግንድ ለስላሳ ብረት ላይ ይንሸራተታል። እኔም ግንድ ነበር ያሰብኩት፣ ያውም ግቢው ውስጥ ተቆርጦ ተቀምጧል። ጋሼ እግራቸውን አስገብተው ገፉትና ወደቀ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ለካ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ዕቃ አለ። እኛ የቡም መቆለፊያ እንለዋለን። የዩ ቅርፅ ያለው ወፍራም ብረት ነው። ቡሙ ሲነሳ ከጃኩ፣ ማለትም ቡሙን በዘይት ከሚገፋው ሲሊንደር፣ ውስጥ የሚወጣውን የሚያብረቀርቅ ዘንግ ታውቁታላችሁ። መቆለፊያው ያንን ዘንግ ያለብሰዋል፣ አንዱ ጫፉ የጃኩን አካል፣ ሌላው ጫፉ የዘንጉን መጨረሻ ይነካል። እንዳይወድቅም ፒን ይገባበታል። ዘይቱ ሁሉ ቢፈስ እንኳ ዘንጉ ተመልሶ መግባት አይችልም፤ ብረት በብረት ተይዟል። በግራም በቀኝም ይደረጋል። አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ ቡሙን ያነሳል፣ ሌላው ከጎን ቆሞ መቆለፊያዎቹን ያለብሳል እንጂ ከባኬቱ ሥር አይገባም። ከዚያ ቡሙ ቀስ ተብሎ ብረቶቹ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ኪስ ይገባል።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። ዕቃው በመመሪያው ውስጥ ሥዕሉ አለ፣ የመለዋወጫ ቁጥሩ አለ። ከኔ ሎደር ጋር ግን አልመጣም። ስጠይቅ «እሱ ለብቻው ነው የሚገዛው» ተባልኩ። ቀድሞ ያልተነገረኝን ለብቻው እንዴት ልግዛ? ፕሮፎርማው ላይ የወንበር ሽፋን ተጽፏል፣ ሬዲዮ ተጽፏል። የሰው ሕይወት የሚይዘው ብረት አልተጻፈም። ቤት ለመጨረስ ያጠራቀምነውን ብር ነው የከፈልኩት፣ እነዚህን ሁለት ብረቶች ቢጨምሩብኝ አልጮህም ነበር።

ብየዳ ቤት ላሠራው ብዬም ነበር። ጋሼ አልፈቀዱም። «ብረቱ ስንት እንደሚችል የሚያውቀው የሠራው ነው። ቀጭን ላሜራ እንደ ወረቀት ይታጠፋል» አሉ። ትክክለኛው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ወር ፈጀ። ሁለቱን ወር ባኬቱ መሬት ሳይነካ ትራክተሩን ማንም አልተጠጋውም። ከላይ መሠራት ያለበት ሥራ ሁሉ ቆየ።

የቱቦው ነገር የመጣው ቫልቩ የሚቀየር ቀን ነው። የእህቴ ልጅ ከትራክተሩ የፊት ጎማ አጠገብ፣ ቱቦው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ አቧራው ረጥቦ ጠቁሮ አየ። ሞተሩ እየሠራ ነው። «አጎቴ፣ እዚህ ጋ ያልባል» አለና ሊዳስሰው እጁን ዘረጋ። ጋሼ «እጅህን!» ብለው ሲጮኹ ከሩቅ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ልጁ ደንግጦ እጁን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

ከዚያ አሳዩን። የፓስታ ካርቶን ቀደዱና ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አሰሩት። ሁላችንንም ወደ ኋላ አስጠጉን፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ካርቶኑን በእንጨቱ ወደ ቱቦው አስጠጉት። ዓይናችን የሚያየው ነገር የለም፣ ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ። ካርቶኑ ላይ ግን ቀጭን እርጥብ መስመር ወጣ፣ ወዲያው መስመሩ ተቀደደ። በምላጭ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ያ ካርቶን የልጁ እጅ ሊሆን ነበር።

ጎሚስታ ጋ የመኪና ጎማ ስታስነፉ 32 ምናምን ይላችኋል። የኔ ሎደር ዘይት 2600 ገደማ ነው የሚደርሰው፣ በዚያው መለኪያ። ሰማንያ እጥፍ ማለት ነው። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ እንዲህ ያለ ዘይት ቆዳ ይበሳል፣ ጓንትም አያቆመውም። ክፋቱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም። እሾህ የወጋው ያህል ነጥብ ብቻ ይታያል። ሰውየው ጠርጎት ሥራውን ይቀጥላል። ውስጥ የገባው ዘይት ግን በጣቱ ሥጋ መሀል ይሰራጫል፣ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ሎደር ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ፦ ነጥቧ ምንም ትሁን፣ በዚያችው ሰዓት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰዱት። «እሾህ ወጋኝ» አትበሉ። «ከፍተኛ ግፊት ያለው የሃይድሮሊክ ዘይት ገባብኝ» በሉ፤ ቀዶ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። ጠዋት እናየዋለን አይባልም።

ቱቦው የፈሰሰው ማሰሪያው ወልቆ ከሻንሲው ጋር ሲፋተግ ከርሞ ነው። ላዩ ተልጦ የውስጡ ሽቦ ወጥቷል፣ ሽቦው ዝጓል። ለመቀየር መጀመሪያ ባኬቱ መሬት ላይ ተኛ። ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ማንሻው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ደጋግሞ ተነቃነቀ፣ ቱቦ ውስጥ የቀረው ግፊት እንዲወጣ። ዘይቱ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጣን። ከዚያ በኋላ ነው ዳዶው በቁልፍ የተነካው። አንዳንዱ ሞተሩ እየሠራ፣ እየፈሰሰ፣ ዳዶውን ያጠብቃል፣ ወይም ቱቦውን በጎማ ቁራጭ ይጠቀልላል። እባካችሁ ተዉት። አዲስ ቱቦ ስትገዙም ላዩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አንብቡ። መጀመሪያ ያመጡልኝ ውፍረቱ ልክ ነበር፣ ቁጥሩ ግን ከሎደሩ በታች። መለስኩት።

የፈሰሰውን ሰጋቱራ በትነንበት በአካፋ ሰበሰብነው። የኛ ቦይ ክረምት ሲገባ ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው። አሮጌውን ዘይት በጀሪካን አድርገን ለጋራዡ ሰጠን።

በመግዛቴ እጸጸታለሁ ወይ? በመጋቢት ቢሆን አዎ እል ነበር፤ ሊሸጥ ነው ብዬ ደላላ ሁሉ አነጋግሬ ነበር። ዛሬ አልሸጠውም። ሃያ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጭነውን አሸዋ እስከ ምሳ ሰዓት ይጨርስልኛል። ግን ሎደር ሊገዛ ነው ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ የምነግረው አንድ ነው፦ መቆለፊያዎቹ ፕሮፎርማው ላይ ሳይጻፉ፣ በዓይንህ አይተህ ጃኩ ላይ ሳትለካቸው ብር አትክፈል። «ዘይቱ ይይዘዋል» ካለህ ሌላ ሻጭ ፈልግ።

መቆለፊያዎቹን ቀይ ቀለም ቀብቼ ከወንበሩ ጎን ሰቅያቸዋለሁ። የእህቴ ልጅ አሁን ግራሶውን ከማንሳቱ በፊት እነሱን ነው የሚያነሳው። ትናንት ደግሞ የግራው ቱቦ ላይ ሽቦ መውጣት ጀምሯል አለኝ። ሳይነካው ነው ያየው። ሰኞ ይቀየራል። እስከዚያ ባኬቱ መሬት ላይ ነው።