ሞገድ ወይስ ሙላትና ጉድለት? ከባሕር ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማሽን ለመግዛት ለምታስቡ

ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ሜጋዋቱን፣ ማለትም ማሽኑ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ የሚሰጠውን ኃይል ነው። እሱን ለጊዜው ተዉትና ባሕራችሁን እዩ፤ ከምርጫው ግማሹን የሚጨርስላችሁ እሱ ነው።

ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ሞገድ ነፋስ ውሃውን እየገፋ የሚፈጥረው ነው። ሙላትና ጉድለት ግን የጨረቃና የፀሐይ ስበት ሥራ ነው፤ በብዙ ቦታ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ባሕሩ ይሞላል። የመጪውን ዓመት ሙላት ሰዓት ዛሬ ከሰንጠረዥ ላይ ማንበብ ትችላላችሁ። የመጪውን ወር ሞገድ ግን ማንም አይነግራችሁም። ለእኔ ይሄ ልዩነት ብቻውን ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

ሙላትና ጉድለትን መጠቀሚያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ግድብ ነው፦ ውሃው ሲሞላ ታስገቡታላችሁ፣ ትዘጉበታላችሁ፣ ውጪው ሲጎድል በተርባይን (እየዞረ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ማሽን) ታስወጡታላችሁ። በፈረንሳይ በራንስ ወንዝ አፍ ላይ ያለው ግድብ ከ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ እየሠራ ነው፤ 750 ሜትር ርዝመት፣ 24 ተርባይን፣ 240 ሜጋዋት። በዓመት የሚያመነጨው ግን 500 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ጉልበት ቢሠራ ከሚሰጠው ሩብ ያህሉን። ሜጋዋቱን ተዉት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሲገነባ ደግሞ የወንዙ አፍ ለሦስት ዓመት ያህል ተዘግቶ እዚያ የነበረው ሕይወት ክፉኛ ተጎድቷል። የደቡብ ኮሪያው ሲህዋ (2011፣ 254 ሜጋዋት) ብልጠቱ ግድቡ ቀድሞ የነበረ መሆኑ ነው፤ በግድቡ የታጠረው ውሃ ተበክሎ ስለነበር መክፈቱም ለማጽዳት ረድቷል። አዲስ ግድብ ከባዶ እንጀምር ካላችሁ ግን የመንግሥት ጡንቻ ያስፈልጋችኋል። የዌልሱ ስዋንሲ 320 ሜጋዋት ዕቅድ 1.3 ቢሊዮን ፓውንድ ሲጠይቅ የብሪታንያ መንግሥት በ2018 እምቢ ብሎታል።

ሁለተኛው ግድብ የለውም፤ ተርባይኑን ፈጣን የውሃ ፍሰት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ብትጠይቁኝ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው፣ ግን ፍጥነቱ ካለ ብቻ። የፍሰቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ ግማሽ ሲሆንም እንደዚያው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ «እዚህ አካባቢ ፍሰቱ ጥሩ ነው» የሚል ወሬ ዋጋ የለውም። ተርባይኑ የሚያርፍበት ነጥብ ላይ ቢያንስ አንድ ወር የተለካ ቁጥር ጠይቁ፣ ምክንያቱም ሙላቱ በየሁለት ሳምንቱ ይበረታል፣ ይደክማል። ሻጭ የሚለካው የበረታ ቀን ነው!

ቀጥሎ የምትጠይቁት ጥገናውን ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሜይጀን የተባለው ፕሮጀክት እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት የሆኑ አራት ተርባይኖች ባሕር ወለል ላይ አስቀምጧል፤ አንዱ ከ6 ዓመት በላይ ያለ ድንገተኛ ጥገና ሠርቷል፣ ግን አንዱን ለማውጣት ትልቅ መርከብ ማምጣት ግድ ነው። በ2021 እዚያው ስኮትላንድ፣ ኦርክኒ ደሴቶች ላይ የገባው ኦ2 የተባለው ማሽን ደግሞ 74 ሜትር ርዝመት ያለው ተንሳፋፊ ሲሆን ተርባይኖቹን የተሸከሙትን ክንዶች ራሱ ወደ ላይ ያነሳል፤ ሠራተኛው በትንሽ ጀልባ ሄዶ ይጠግናል። ዋጋው ግን አሁንም ያማል። በ2022 የብሪታንያ ጨረታ ለዚህ ዓይነት ኃይል በሜጋዋት ሰዓት 178.54 ፓውንድ ሲሰጥ፣ የባሕር ላይ ነፋስ በ37.35 አልፏል።

ሞገድስ? ሞገዱን እወደዋለሁ፣ ገንዘቤን ግን አልሰጠውም። ችግሩ ይሄ ነው፦ የሞገድ ቁመት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የማሽኑን ዋጋ የሚመልስላችሁ የዘወትሩ መካከለኛ ሞገድ ነው፣ ብረቱን የምትገዙት ግን በዓመት አንዴ ለሚመጣው አውሎ ነፋስ ነው። ፔላሚስ የተባለው 120 ሜትር የሚረዝም እባብ መሳይ ማሽን በ2008 ፖርቱጋል ላይ ሦስት ሆኖ ገብቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወጣ፤ ኩባንያው በ2014 ከሰረ።

አንድ ለየት ያለ አለ። የስፔኑ ሙትሪኩ ወደብ የሞገድ መከላከያ ግንብ መገንባቱ ላይቀር፣ ግንቡ ውስጥ ክፍት ጓዳዎች ተሠሩለት። ሞገዱ ጓዳው ውስጥ ሲገባ አየሩን በቀዳዳ ይገፋዋል፣ ሲወጣ ይስበዋል፣ ተርባይኑ በሁለቱም በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል። 16 ተርባይን፣ በድምሩ 296 ኪሎዋት። ትንሽ ነው። ግን ከ2011 ጀምሮ አለ፣ ጥገናውም በእግር ተሂዶ ነው። እናንተም ግንብ ልትሠሩ ከሆነ ይሄንን አስቡበት፤ ካልሆነ ሞገዱን ለጊዜው እለፉት።

ውሉ ላይ ደግሞ ማሽኑን በመጨረሻ ከባሕር የማውጫው ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ባንክ መግባቱን አረጋግጡ። ካናዳ፣ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዲያሜትሩ 16 ሜትር የሆነ ተርባይን በ2018 ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ በቀናት ውስጥ የሠሪው ባለቤት ኩባንያ ከሥራው ወጣ፣ ተርባይኑም እዚያው ቀረ።