ሚሽኑ ካለቀ በኋላ የሚጀምረው ሳን አንድሪያስ

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ከስልክ ጎን ለጎን ጌም እጭናለሁ፤ ሲዲ አላነብም ያለ ፕሌይስቴሽንም ወደኔ ይመጣል። ስለዚህ «ጨርሼዋለሁ፣ ሌላ ስጠኝ» የሚል ደንበኛ ሞልቶኛል። ሌላ ጌም ከሆነ ያለኝን አወጣለሁ። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ጨረስኩ ለሚለኝ ግን መጀመሪያ ጥያቄ አለኝ።

«ጋሼ፣ ጨርሼዋለሁ እኮ፤ መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝሩ ሁሉ አልፏል!» አለኝ በቅርቡ አንድ የግቢ ተማሪ።

«ድልድዩ ጫፍ ላይ ወጥተሃል?»

«የቱ ድልድይ?»

ሌላ ጌም አልሰጠሁትም። እንዲህ የምጽፈውም ታሪኩን ጨርሰው ሲዲውን ላስቀመጡት፣ እንዲሁም አሮጌ ፒኤስ ቱ (ፕሌይስቴሽን 2) ልግዛ አልግዛ እያሉ ለሚያመነቱ ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ጌም የሚመዘነው ሚሽኑ (ጌሙ የሚሰጠው የታሪክ ሥራ) ሲያልቅ በሚተርፈው ጨዋታ ነው፤ በዚህ ሚዛን ደግሞ ሳን አንድሪያስን የሚደርስበት እስካሁን አላገኘሁም።

ለማያውቁት ባጭሩ። ጌሙ ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው በፈረንጆቹ ጥቅምት 2004 ነው። ታሪኩ በ1992 ይጀምራል፤ ሲጄ የሚባለው ልጅ ከ5 ዓመት በኋላ እናቱ ተገድላ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ሎስ ሳንቶስ፣ ሳን ፊየሮ እና ላስ ቬንቱራስ የሚባሉ ሦስት ከተሞች አሉ፤ በመካከላቸው ገጠር፣ በረሃና ተራራ። ስለ ታሪኩ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ከሚሽን ውጭ ያስቀመጡት ጨዋታ ብቻውን ወራት ይበላል። ሎስ ሳንቶስ ውስጥ 100 የግድግዳ ጽሑፍ አለ፤ በቀለም እየረጩ በራስ ሰፈር ጽሑፍ መሸፈን ነው። ሳን ፊየሮ ውስጥ በካሜራ የሚነሱ 50 ፎቶዎች፣ ላስ ቬንቱራስ ውስጥ 50 የፈረስ ጫማዎች፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ 50 ኦይስተሮች (የባሕር ዛጎሎች) አሉ። ከአራቱ የምወደው የግድግዳውን ነው። ጽሑፎቹ ጓሮ ውስጥ፣ ጣራ ላይ፣ አጥር ጀርባ ስለተደበቁ ከመኪና ወርዶ በእግር መዞር ግድ ይላል፤ በሚሽን ጊዜ በ100 ፍጥነት ያለፋችሁበትን ሰፈር ያኔ ነው የምታውቁት። ሲያልቅም ሲጄ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ መሣሪያ ተቀምጦ ይጠብቃል። የውሃው ግን አሰልቺ ነው። ትንፋሽ እየቆጠሩ ጨለማ ውስጥ መንሳፈፍ፤ ለኔ ሽልማቱም ልፋቱን አይክስም።

ይህ ግን ሠሪዎቹ ያሰቡት ነው። እኔን ከዚህ ጌም ጋር ያቆራኘኝ ተጫዋቹ ራሱ የሚፈጥረው ጨዋታ ነው።

ቺሊያድ ተራራን ውሰዱ። በካርታው ላይ ከፍተኛው ቦታ ነው። ቀን ላይ፣ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ጫፉ ላይ ከሄዳችሁ የብስክሌት ውድድር አለ፤ ቁልቁል ሦስት መንገድ። ፓራሹትም እዚያው ተቀምጧል። (ታሪኩ ሳይደርስ ወደዚያ ብትሻገሩ ፖሊስ በአራት ኮከብ፣ ማለትም በከባድ ማሳደድ፣ ይነሣባችኋል፤ ስለዚህ ታገሱ።) እኛ ውድድሩን ትተነው የራሳችንን ሕግ አወጣን፦ መንገድ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ከጫፍ እስከ ታች ከብስክሌቱ ሳይወድቁ መድረስ ብቻ። የወደቀ ጆይስቲኩን ለቀጣዩ ይሰጣል።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የጆይስቲኩን ኤክስ ቁልፍ ደጋግማችሁ ከመታችሁ ብስክሌቱ ይበርራል፤ የመጀመሪያው ዛፍ ጋ ሲጄ ተሽቀንጥሮ ይወጣል። ካልመታችሁት ደግሞ ገደሉን ለመዝለል ፍጥነት አይኖራችሁም። ዋናው ዘዴ ያለው መዝለያው ላይ ነው፦ የመዝለያውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ፣ ሲጄ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ እስኪል መጠበቅ፣ ልክ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ መልቀቅ። ግማሽ ሰከንድ ከቀደማችሁ የፊት ጎማው ድንጋዩን ይመታል። ከዘገያችሁም ተያይዞ ገደል ነው። ሲጄ ብስክሌት በነዳ ቁጥር ችሎታው ይጨምራል፤ ችሎታው ሲጨምር ከፍ ብሎ ይዘልላል። ስለዚህ ሚሞሪ ካርዱ ላይ የማን ሴቭ (እስከደረሰበት የተቀመጠ ጨዋታ) እንዳለ ለውጥ ያመጣል፤ በብስክሌት የጠገበ ሲጄ ያለው ሰው ካርዱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ሱቄ ኋላ ክፍል ውስጥ አንድ የባጃጅ ሹፌር ይህን ቁልቁለት ሳይወድቅ የጨረሰ ቀን የነበረው ጩኸት ጎረቤት ያለችውን ቡና አፍይ ሳይቀር አስሮጦ አምጥቷታል።

ተራ የምንይዝበትም መንገድ ከጌሙ የተወሰደ ነው። ሳን አንድሪያስ ውስጥ አንድ ደቂቃ ማለት በኛ አንድ ሰከንድ ነው፤ ሙሉ ቀንና ሌሊት በ24 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ «አንድ ቀን ላንተ፣ አንድ ቀን ለሱ» እንላለን። ፀሐይ ስትወጣ ትቀበላለህ፣ በማግስቱ ስትወጣ ታስረክባለህ። በሰዓት ከመጨቃጨቅ ይህ ስንት ጊዜ ይሻላል! ሁሉም በማያ ገጹ ጥግ ያለውን ሰዓት ያያል፤ ክርክር የለም።

ሌላው ጨዋታችን «ሕግ አክባሪ» ይባላል። ከሲጄ ሰፈር ከግሮቭ ስትሪት ተነስቶ ሳን ፊየሮ ድረስ፣ ቀይ መብራት ላይ እየቆሙ፣ መስመር ጠብቀው፣ አንድም መኪና ሳይነኩ መንዳት ነው። በዚህ ጌም ቀይ መብራት ብትጥሱ ፖሊስ አይከተላችሁም፤ ስለዚህ ዳኛው ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ነው። ያኔ ነው ከተማው ሌላ መልክ የሚያወጣው። መብራት ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ እግረኛው ምን እንደሚያወራ ትሰማላችሁ፣ ከኋላ ያለው ሹፌር ይሳደባል፣ ሬዲዮው ዘፈኑን ይጨርሳል፣ ከኮረብታው ጀርባ ሰማዩ ብርቱካንማ ሲሆን ታያላችሁ። ይህን ሁሉ በሚሽን ጊዜ ማን ያየዋል? ሌላው ሹፌር መጥቶ ከገጫችሁስ የሚለው እስካሁን ያከራክረናል፤ እኔ አይቆጠርም ባይ ነኝ።

የአውቶቡሱ ጨዋታ ደግሞ ከሐዋሳ ውጭ ይኖራል ብዬ አላምንም። ጌሙ ውስጥ ትልቅ የረጅም መንገድ አውቶቡስ አለ። አንዱ ይነዳል፤ ከኋላ የተቀመጠው ረዳት ይሆናል። «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ! አንድ ሰው የቀረው፣ ሻሸመኔ!» እያለ መነኸሪያ በር ላይ እንደቆመ ነው የሚጮኸው፤ መድረሻው ላስ ቬንቱራስ ቢሆንም። ሌሎቹ ተሳፋሪ ናቸው፤ «ወራጅ አለ!» ሲባል ሹፌሩ የግድ ዳር ይዞ መቆም አለበት። በረሃው መሃል «ወራጅ አለ» ብሎ የሚያስቆም አንድ ተንኮለኛ ሁልጊዜ አይጠፋም። ጌሙ ለዚህ ምንም ነጥብ አይሰጥም፤ ግን ከሁሉም ጨዋታችን ብዙ ሰው የሚሰበስበው ይህ ነው።

ወደ ድልድዩ ልመለስ። ሳን ፊየሮ የሚገኘው ጋንት ድልድይ ምሰሶ ጫፍ ላይ በሄሊኮፕተር ወይም በጄትፓክ (ጀርባ ላይ ታዝሎ በሚያበርር መሣሪያ) ከወጣችሁ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ታገኛላችሁ። ከባዱን መንገድ ለወጣ ሰው የተጻፈችው መልእክት «እዚህ ላይ ምንም የተደበቀ ነገር የለም፣ ሂድ» የሚል ነው። ሠሪዎቹ ሰው እዚያ ድረስ እንደሚወጣ አውቀው ነው ያስቀመጧት። እኔ ይህቺን ሰሌዳ ሳያይ ጨረስኩ ለሚል ሰው የማዝነው ለዚህ ነው፦ ከጌሙ ሠሪዎች ጋር ፊት ለፊት የምትገናኙበት ቦታ ናት።

ያላሰቡት ምሥጢርም አለ። ጌሙ የቤቶቹን የውስጥ ክፍል ከካርታው በላይ ሰማይ ላይ ነው ያስቀመጠው። ሎስ ሳንቶስ ጋንተን ሰፈር ያለው ጂም ውስጥ ገብታችሁ የጄትፓኩን ኮድ ብታስገቡና በጣራው ክፍተት ብትወጡ፣ ባዶ ሰማይ ላይ የተንጠለጠሉ ክፍሎችን ታገኛላችሁ። ምግብ ቤቱ፣ ልብስ ቤቱ፣ የሚሽን ክፍሎች፣ ለአንድ ሚሽን ብቻ የተሠራችው በረዶ የጣለባት የሊበርቲ ሲቲ (የሌላ ከተማ) ቁራጭ ጭምር። መጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል። እኔ ግን ከድንጋጤው ይልቅ የሚገርመኝ አሠራሩ ነው፤ በፒኤስ ቱ ትንሽ አቅም ይህን ያህል ዓለም እንዴት እንደተሸከሙት በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ስለ መናፍስት መኪናው የሚወራውም እውነት አለው። ባክ ኦ ቢዮንድ የሚባለው ጫካ ውስጥ የተበላሹ መኪኖች ያለ ሹፌር ቁልቁል ሲንከባለሉ ይታያሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጌሙ መኪኖቹን የሚያወጣቸው ዳገት ላይ ስለሆነ ይንሸራተታሉ። ጫካው ውስጥ ግዙፍ ጸጉራም ፍጡር አለ የሚለው ወሬ ግን ውሸት ነው፤ ሠሪዎቹም የለም ብለዋል። ቢሆንም በጭጋግ ሌሊት እዚያ ጫካ ገብቶ መፈለግ ራሱ ደስ ይላል፤ አንድ ጊዜ ሞክሩት፣ መብራት አጥፍታችሁ።

ኮድ የምትወዱ ተጠንቀቁ። በኮምፒውተሩ ላይ «ሄሶያም» ብሎ መጻፍ ጤና፣ ጋሻና 250,000 ዶላር ስለሚሰጥ ማንም ያውቀዋል፤ ጉዳትም የለውም። የከተማውን ሰው የሚያሳብዱት ኮዶች ግን አደገኛ ናቸው። እነሱን አስገብታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ አይመለሱም፤ ማድ ዶግ የሚባለውን ሚሽን ማለፍ የማይቻል እስከመሆን ይደርሳል። ስለዚህ ኮድ ለመጫወት ለብቻው ሴቭ ይኑራችሁ። መብራት በድንገት ሊሄድ ስለሚችልም ከትልቅ ነገር በፊት ሴቭ ማድረግ አትርሱ።

የትኛውን ልግዛ ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው፦ ለሁለት ከሆነ የፒኤስ ቱውን። ምክንያቱም በዚያ ላይ ብቻ ሳይሆን በድሮው ኤክስቦክስም ጭምር በተወሰኑ ቦታዎች የሚሽከረከር ምልክት አለ፤ እዚያ ላይ ቆማችሁ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ስትሰኩ ጓደኛችሁ እዚያው ማያ ገጽ ላይ ይመጣል። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው አጠገቡ ይቀመጣል፤ ርቀት ግን አይፈቀድም። የኮምፒውተሩ ይህ የለውም። በታኅሣሥ 2013 የወጣው የስልክ ሥሪትም የለውም፤ መሃል ሚሽን ላይ ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ ለብቻው ለሚጫወት ሰው ግን ምቹ ነው፣ ጣቱ ማያ ገጹን መሸፈኑን ከታገሠ። በ2021 እንደገና ተሠርቶ የወጣው ሲወጣ ችግር ስለበዛበት ኩባንያው በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። በኋላ ተስተካክሏል። የሩቁ ጭጋግ መጀመሪያ ላይ ስለተወገደ ግን ከቺሊያድ ጫፍ ሦስቱም ከተሞች አንድ ላይ ይታዩ ነበር፤ ያ ሁሉ የሩቅ አገር ስሜት በአንዴ ጠፋ። እኔ ለጓደኞቼ ያንን አልመርጥም።

ጌሙ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ደም አለ፣ ስድብ አለ፤ ትንንሽ ልጆች ሲመጡ ኳስ ነው የምከፍትላቸው፣ ወላጆችም እንዲሁ ብታደርጉ እመክራለሁ።

አሮጌ ፒኤስ ቱ ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ከአሜሪካ የመጣው ወፍራሙ ሞዴል ጀርባው ላይ 120 ቮልት ይላል፤ የኛ መብራት 220 ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ይቃጠላል። ቀጥሎ ሲዲ አስገብታችሁ እስኪከፍት ብቻ ሳይሆን ሲጄ በመኪና ከተማ እስኪያቋርጥ ጠብቁ፤ ሌንሱ የደከመ ማሽን መጀመሪያ ያነብና ካርታው ሲለወጥ ይቆማል። ከዚያም ሁለቱንም የጆይስቲክ መሰኪያዎችና የሚሞሪ ካርዱን ቦታ ሞክሩ፤ ሻጭ ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሁለተኛው መሰኪያ ካልሠራ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ትታችሁት ሂዱ፤ ለሳን አንድሪያስ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ግማሹ ደስታ እሱ ጋ ነው ያለው።