ልጄን በርጩማ መጥረብ ላስተማሩልኝ የጅማ አባት

የጅማ ልጆች፣ አንድ ምስጋና አለብኝ።

የበኩር ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከጨረሰ በኋላ ክረምቱን ስልክ ላይ ተደፍቶ ሊያሳልፈው ነበር። ጅሬን አካባቢ በርጩማ የሚጠርቡ አባት እንዳሉ ጎረቤቴ ነገረችኝና ይዤው ሄድኩ። አባባ እጁን ገልብጠው አዩና "ነገ በጠዋት ይምጣ" አሉ።

የጅማ በርጩማ ላይ እየተቀመጥኩ ነው ያደግሁት። ሦስቱም እግር ከነመቀመጫው ከአንድ ግንድ እንደሚወጣ፣ ሚስማርም ሙጫም እንደማይነካው ግን ልብ ብዬው አላውቅም። አንዱ እግር ከተሰበረ መቀጠል የለም፤ ሌላ ግንድ መፈለግ ነው። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን በመጥረቢያ ገመሰው። አባባ አልተቆጡም። የተሰበረውን አንስተው የእንጨቱ መስመር ወዴት እንደሚሄድ በጣቱ አስዳሰሱትና ሌላ ዋንዛ ሰጡት።

ሁለተኛው እርጥብ እንዳለ ተጠረበ፤ ገና ወፍራም ሳለ ግን ጥላ ውስጥ ጆንያ ለብሶ እንዲቆይ ተደረገ። ለምን እንደሆነ ማታ ቤት መጥቶ ያስረዳኝ ልጄ ነው፦ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። በመሮ የሚሠራው ቀጭኑ ሥራ የሚመጣው ከደረቀ በኋላ ነው። ሦስት እግር የሆነውም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይነቃነቅም። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ያበራ ነበር።

ትንሿ ልጄም ተከትላው እየሄደች ከአባባ ባለቤት ዘንድ አክርማ ሰንጥቆ ቀለም መንከር ጀመረች። ቀለም የጠጣው ሣር ፀሐይ ላይ እንደማይሰጣ ለኔም ነግራኛለች። አሁን በአለላ ትንሽ ሰፌድ እየሰፋች ነው።

"12ኛ ክፍል ድረስ ተምሮ እንጨት ጠራቢ ሊሆን ነው?" ያለኝ ዘመድ አለ። በጣም አዘንኩ። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኛ ዛሬም በርጩማውን ሳሎን አስቀምጠን፣ የጠረበው ሰው ማን እንደሆነ አንጠይቅም። የአባባን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ፌስቡክ ላይ መውጣት ስላልፈለጉ ብቻ ነው።

ልጅ ማስተማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከሁለት ልጅ በላይ አንድ ላይ አይቀበሉም፤ አጠገባቸው ሆነው እያንዳንዱን ምት ስለሚያዩ ነው። በገበያ ቀን አይገኙም። ልጁ ሽፍን ጫማ ያድርግ። በነጻ አስተምሩልን እንዳትሏቸው እለምናችኋለሁ፤ ለልጅ የሚሰጡት ሰዓት ከዕለት ሥራቸው ላይ የሚነሳ ነው።

አባባ፣ እማማ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። የልጄ በርጩማ ረከቦቱ አጠገብ ነው፤ ለቡና ስትመጡ እናንተን ነው የማስቀምጥበት።