ደቢያን 12 በፎቶ ኮፒ ቤቴ፦ ሁሉም ፋይል ቤት አለው

የፎቶ ኮፒ ቤቴን አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ደቢያን 12 (በነፃ የሚገኝ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ከቀየርኩት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ስለ መልኩ አላወራም። የወደድኩት የፎልደሮቹን አቀማመጥ ነው።

እንደ ዊንዶውስ ሲ ድራይቭ፣ ዲ ድራይቭ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ከአንድ ስላሽ (/) ይጀምራል። የደንበኛ ፍላሽ ስሰካ እንኳ እዚያው ሥር፣ ሚዲያ (media) የሚባል ፎልደር ውስጥ ይገኛል። የሲስተሙ ሴቲንግ ኢቲሲ (etc) ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከፍቼ አነበዋለሁ። ከመነካካቴ በፊት ግን ኮፒ አስቀምጣለሁ።

ስም ላይ ቅሬታ አለኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ስሙ ‘ዩዘር’ (ተጠቃሚ) ስለሚመስል ፋይሉን ዩኤስአር (usr) ውስጥ ሲፈልግ አገኘሁት፤ እዚያ ያሉት ግን የሲስተሙ ፕሮግራሞች ናቸው። አልፈረድኩበትም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሊኑክስ አርአያ የሆነው ዩኒክስ በተሠራበት የአሜሪካ ላቦራቶሪ፣ ቤል ላብስ ውስጥ የተጠቃሚዎች ፋይል በእርግጥም እዚያ ነበር። የመጀመሪያው ዲስክ ሲሞላ ፕሮግራሞቹ ወደዚያ ተሻገሩ፤ ሰዎቹ ለቀው ስሙ ቀረ። አሁን የፕሮግራሞች ፎልደር የነበረው ቢን (bin) ራሱ ወደ ዩኤስአር ቢን የሚወስድ ሊንክ ብቻ ነው።

የተጠቃሚው ፋይል የሚቀመጥበትን ሆምን (home) ግን አመስግኜ አልጠግብም። ስጭን 256 ጊጋውን ዲስክ ከፍዬ 60ውን ለሲስተሙ፣ ቀሪውን ለሆም ሰጠሁ። ባለፈው ክረምት መብራት እልም ብልጭ ሲል ሲስተሙ አልነሳ አለኝ። ፎርማት ያደረግኩት 60ውን ብቻ ነው። የተማሪዎቹ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ ካርዱ ዲዛይን፣ ሁሉም ባለበት ጠበቀኝ። ያን ቀን እፎይ ያልኩትን አልረሳውም።

ቫር (var) ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ፕሮግራሞች መዝገባቸውን (ሎግ) የሚጽፉበት ፎልደር ነው፣ እኔ ጋ ደግሞ ያለው በሲስተሙ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ፓስወርድ አስገባለሁ፣ ስክሪኑ መልሶ ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ደንበኛ ቆሟል። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 ተጭኜ በጥቁሩ ስክሪን በሩት (በአስተዳዳሪው አካውንት) ገባሁ። ዲኤፍ (df) የሚለውን የዲስክ ቦታ ማሳያ ትእዛዝ ጽፌ ሳይ የሲስተሙ ክፍል 100 ከመቶ ሞልቷል። አንድ የፕሪንተር ፕሮግራም ያቺኑ የስህተት መስመር እየደጋገመ ቫር ሎግ ውስጥ 41 ጊጋ ጽፏል! ፋይሉን ባዶ አድርጌ ሪስታርት ሳደርገው ተነሳ።

የደቢያን 12 ኢንስቶለር (መጫኛው ፕሮግራም) ዲስክ ሲከፍል ሦስት ምርጫ ያቀርባል። ለጀማሪ የሚመክረው ሁሉንም አንድ ላይ ማድረግን ነው፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለተኛው ሆምን ይለያል። ሦስተኛው ሆምን፣ ቫርንና ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ቴምፕን (tmp) ይለያል። የሥራ ኮምፒውተር ከሆነ ሦስተኛውን ምረጡ፣ ለቫርም ሰፋ ያለ ቦታ ስጡት።