ሊንክድኢን የሚያስተካክሉት ልጆች፣ አራት ኪሎ

አራት ኪሎ ሲቪ የሚጽፉባት አንዲት ጠባብ ቤት አለች። ሊንክድኢን በሚባለው የሥራና የሙያ ድረ ገጽ ላይ ያለንን የግል ገጽም ያስተካክላሉ። ሥራቸውን በጣም ወድጄዋለሁ። ልጅቷ ከስሜ ሥር «ሥራ ፈላጊ» የሚለውን አየችና፣ «እህቴ፣ ቀጣሪ ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው ሙያውን እኮ ነው» አለችኝ። እዚያ ቦታ ላይ እስከ 220 ፊደል ይፈቀዳል። «አካውንታንት፣ ፒችትሪ፣ የደመወዝና የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥራ» ብላ ቀየረችው፤ ፒችትሪ የሒሳብ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ያልሠራሁትን አንድም አልጨመረችም፤ እየጠየቀችኝ ነው የጻፈችው። ፎቶም እዚያው ነጩ ግድግዳ ፊት አነሳችኝ፣ ፊቴ ጥርት ብሎ ይታያል።

ስለ ራስ የሚጻፈው ክፍል ላይ ግን ይቸኩላሉ። ለሁሉም የሚለጥፉት አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ ይሄ ልክ አይደለም። እሱን ቤት ገብቼ ራሴ ጻፍኩት። ስትሄዱ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትንገሩ፣ ራሳችሁ አስገቡ። ከሰዓት ሰልፍ ስላለ ጠዋት ይሻላል።